መልአክ አትበሉት

እኔና እኩዮቼ «አናርኪስት» የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት አልተማርነውም። ከሬዲዮ ነው የሰማነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ ለኢሕአፓ ልጆች ያወጣላቸው ስም ነበር። ልጆቹ አናርኪስት ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም (አልነበሩም፤ ማርክሲስቶች ነበሩ)። ቃሉ ትርጉም አያስፈልገውም ነበርና። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ «ይሄኛውን ብትገድሉት ማንም አይጠይቃችሁም» ማለት።

ዛሬ ታዲያ ስለ አንድ የምር አናርኪስት ላወራችሁ ነው። ስሙ ሜልቾር ሮድሪጌዝ ይባላል፤ ስፔናዊ ነው። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁ ከሆነ አይግረማችሁ፤ በገዛ አገሩም ለረጅም ዘመን ደፍሮ የሚያነሳው ብዙ ሰው አልነበረም።

በቀደም ዕለት የዚህን ሰው ታሪክ ማኪያቶ እየጠጣን ለሁለት ወዳጆቼ አወራኋቸው። አንደኛው እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ይሄማ መልአክ እንጂ ሰው አይደለም» አለ። ሁለተኛው ብርጭቆውን ቁጭ አድርጎ፣ «እኔን ከጠየቅኸኝ ከሃዲ ነው» አለኝ። ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል ባይ ነኝ። እንዲያውም የባሰውን ስህተት የሠራው «መልአክ» ያለው ይመስለኛል። እዚያው መልስ ሳልሰጥ ስለተለያየን ነው አሁን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሰውየውን እናስተዋውቅ። (ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሜልቾር በ1893 በሴቪያ ከተማ፣ ትሪያና በሚባለው የድሆች ሰፈር ተወለደ። አባቱ የወደብ ሠራተኛ ነበር፤ ሜልቾር ገና ልጅ ሳለ ሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ ሞተ። ልጁ ሳይጠነክር የብረታ ብረት ሥራ ጀመረ። የትሪያና ልጅ ከድህነት የሚወጣበት ሌላ መንገድ ቢኖር ከኮርማ ጋር መፋለም ነውና እሱንም ሞከረው። ኮርማው በቀንዱ ወጋው፤ ነገሩም በዚያው አበቃ። ከዚያ ማድሪድ ገብቶ ባትላሜራ ሆነ፤ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃና ሰው ማለት ነው።

በዚያ ዘመን አንድ የስፔን ሠራተኛ ሲበደል የሚሄድበት ደጅ ብዙ አልነበረም። ከጥቂቶቹ አንዱ በ1910 ባርሴሎና ላይ የተመሠረተው ሲኤንቲ የሚባለው የአናርኪስቶች ሠራተኛ ማኅበር ነው። እምነታቸው ባጭሩ ይህ ነበር፤ ሰው በሰው ላይ ጌታ አይሁን፤ መንግሥትም፣ ባለ ፋብሪካም፣ ቄስም ቢሆን፤ ሠራተኛው በማኅበሩ ራሱን በራሱ ያስተዳድር። ትክክል ናቸው ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሜልቾር ግን አመነበት። ስለ እስረኞች ጻፈ፣ ተሟገተ፣ ታሰረ። በንጉሡ ዘመን ታሰረ። በ1931 ንጉሡ ሄዶ ሪፐብሊክ መጣ፤ በሪፐብሊኩም ታሰረ። ወህኒ ቤትን እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል ማለት ይቻላል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

በጁላይ 1936 የጦር መኮንኖች በሪፐብሊኩ ላይ አመጹ፤ መሪያቸው ጄኔራል ፍራንኮ ሆነ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር አዲስ አበባን የያዘው ሙሶሊኒ ለፍራንኮ አውሮፕላን ላከ፤ ኋላም ወታደር ጨመረ። ሂትለርም አልቀረም። በኖቬምበር የፍራንኮ ጦር ማድሪድ በር ላይ ደረሰ። ከተማዋ ከሰማይ ትደበደባለች፤ መንግሥት ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቫሌንሲያ ሄዷል።

በማድሪድ ወህኒ ቤቶች ውስጥ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ እስረኞች ነበሩ። የጦር መኮንኖች፣ የፋላንሄ ፓርቲ አባላት፣ ቀሳውስት፣ የንጉሥ ደጋፊዎች፣ አንዳንዱም በጥቆማ ብቻ የገባ። ጥያቄው «የፍራንኮ ጦር ቢገባና እነዚህን ቢያስፈታስ?» የሚል ነበር። መልሱን የሰጡት በሌሊት ነው። ከኖቬምበር 7 ጀምሮ እስረኞች ስማቸው እየተጠራ ይወጡ ጀመር። ወረቀቱ «ወደ ሌላ ወህኒ ይዛወሩ» ይላል፤ አንዳንዱም «ይፈቱ» ይላል። አውቶቡሶቹ የሚሄዱት ግን ከማድሪድ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ፓራኩዌዮስ ደ ኻራማ ነው። እዚያ ጉድጓድ ይጠብቃቸዋል። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ከ2,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ ተረሸነ።

ስፔናውያን ይህን «ሳካ» ይሉታል። ማውጣት ማለት ነው። በእኛም አገር በሌሊት ስሙ ተጠርቶ የወጣ ዘመድ ያለው አንባቢ ማብራሪያ አይሻም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። ይህን ያደረጉት ሰዎች ጠላቶቹ አልነበሩም። የሜልቾር ወገኖች ናቸው። በማድሪድ የጸጥታ ሥልጣን የነበረው በወጣቱ ሳንቲያጎ ካሪዮ እጅ ነው፤ እሱም በዚያው ሰሞን ኮሚኒስት ፓርቲ የገባ ሰው ነበር። ካሪዮ በ2012 እስከ ሞተ ድረስ «አላዘዝኩም» ሲል ኖሯል። ግን ኮሚኒስቶቹን ብቻ ከስሰን የምናልፈው ነገር አይደለም። የሲኤንቲ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተገኝቷል፤ እስረኞቹ በክፍል ተለይተው «አደገኞቹ» ወዲያው እንዲገደሉ ከሶሻሊስት ወጣቶች ድርጅት ጋር ስምምነት መደረጉን ይገልጻል። ሲኤንቲ ማለት የሜልቾር የገዛ ማኅበሩ ነው።

እንግዲህ ሜልቾር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማሪያኖ ጎሜዝ፣ የጠበቆች ማኅበር ሰዎችና የውጭ አገር ዲፕሎማቶች «ኧረ ይሄ ነገር ይቁም» እያሉ ደጅ ይመቱ ነበር። የፍትሕ ሚኒስትሩ ኹዋን ጋርሲያ ኦሊቬር ራሱ አናርኪስት ነበር (አናርኪስት ሚኒስትር መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው)። ሜልቾር በዚህ ግፊት የተነሳ በኖቬምበር 10 አካባቢ የማድሪድ ወህኒ ቤቶች ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። የሰጠው ትእዛዝ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ያለ እኔ ፈቃድ አንድም እስረኛ ከበር እንዳይወጣ።

በቃ። ይኸው ነው። ረጅም ንግግር የለም።

ግድያው ቆመ። ነገር ግን ሚኒስትሩ ጀርባውን ሰጠውና ሜልቾር በ14 ለቀቀ። በ18 አውቶቡሶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። እንደገና ሞት ሆነ። በዲሴምበር መጀመሪያ ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት ተመለሰ፤ አውቶቡሶቹም ዳግመኛ ቆሙ። «በዚያ ማዕበል ውስጥ አንድ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል?» ለሚል ሰው መልሴ ይህ የቀን መቁጠሪያ ነው። ሲገባ ይቆማል፤ ሲወጣ ይቀጥላል፤ ሲመለስ ይቆማል። ታሪክ እንዲህ ጥርት ያለ ማስረጃ የሚሰጠን ስንት ጊዜ ነው?

ከሁሉ የከፋው ቀን ግን ዲሴምበር 8 ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በጓዳላኻራ ከተማ የፍራንኮ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉ፤ የተቆጣ ሕዝብና ሚሊሺያ ወህኒ ቤቱን ሰብሮ ገብቶ ወደ ሦስት መቶ የሚሆኑ እስረኞችን ፈጀ። አሁን ደግሞ ተራው የአልካላ ደ ኤናሬስ ሆነ። ቦምብ ወደቀ፤ ሕዝብ ሞተ። የቀረው ሕዝብ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ወህኒ ቤቱ ነጎደ። ውስጥ ከ1,500 በላይ እስረኛ አለ።

ሜልቾር በሩ ላይ ቆመ። ለሰዓታት ተከራከረ፣ ለመነ፣ ተሳደበ፣ ጮኸ። ጠመንጃ ደረቱ ላይ ደግነውበታል። የደገኑት እኮ ፋሺስቶች አይደሉም፤ የሞቱ ልጆቻቸውን ገና ያልቀበሩ የራሱ ወገን ድሆች ናቸው። በመጨረሻም «በግድ ከገባችሁ እስረኞቹን አስታጥቃቸዋለሁ» አላቸው። ሕዝቡ ሌሊት ላይ ተበተነ። አንድም እስረኛ አልተገደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወዳጄ ልምጣ። «ከሃዲ ነው» ያለው ሦስት ምክንያት አለው፤ ሦስቱም ችላ የሚባሉ አይደሉም።

አንደኛው፣ «ጊዜው አልነበረም» የሚል ነው። ጠላት በር ላይ ቆሞ የእስረኛ መብት ይጠየቃል ወይ? እኔም እጠይቃለሁ፤ ታዲያ መቼ ነው የሚጠየቀው? በሰላም ጊዜ እስረኛ ተጎትቶ ወጥቶ አይረሸንም። ይህ ዓይነት ግድያ የሚፈጸመው ሁልጊዜም «ጊዜው ባልሆነበት» ጊዜ ነው። «አሁን ብናነሳው ለጠላት መሣሪያ እናቀብላለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየአገሩ፣ በየቋንቋው አለ። የሚገርመው ግን መሣሪያ ያቀበሉት ገዳዮቹ ናቸው። ፍራንኮ በነገሠበት ዘመን ሁሉ ፓራኩዌዮስን እንደ ማስረጃ እያነሳ ሪፐብሊኩን ሲከስበት ኖረ። የራሱ ሰዎች ያካሄዱት ጭፍጨፋ በቁጥር የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች በሪፐብሊኩ በኩል ከግንባር ውጭ የተገደለውን ወደ 50 ሺህ፣ በፍራንኮ በኩል የተገደለውን ከ100 ሺህ በላይ ያደርሱታል። ታዲያ ሪፐብሊኩን የጎዳው ማን ነው? በሩን የዘጋው ወይስ አውቶቡሱን የነዳው?

ሁለተኛው ምክንያት ይጠነክራል። ሜልቾር ካዳናቸው መካከል አጉስቲን ሙኞዝ ግራንዴስ የሚባል መኮንን ነበር። ይህ ሰው በ1941 ከሂትለር ጎን ሆኖ ሶቪየት ኅብረትን ለመውጋት የዘመተውን የስፔን ክፍለ ጦር መርቷል፤ በ1962 የፍራንኮ መንግሥት ምክትል መሪ ሆኗል። ወዳጄ «እባብ ልጅ አሳደገ» ይላል።

ቀስ በል ወዳጄ። ሜልቾር ሙኞዝ ግራንዴስን እኮ አልፈታውም። ሰው ሁሉ የሚስተው ይህን ነው። ሜልቾር የወህኒ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ሥራው ማሰር ነው። እስረኞቹን ያቆያቸው እስር ቤት ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት ነበር፤ ሕግ ነበር፤ መክሰስ፣ መፍረድ ይቻል ነበር። እሱ የተከራከረው በወህኒና በመቃብር መካከል ልዩነት አለ ብሎ ብቻ ነው። ደግሞስ የሰው ነፍስ የሚጠበቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሠራ ታውቆ ከሆነ ማን ይተርፋል? አውቶቡስ ላይ ከተጫኑት መካከል ስንቱ ሙኞዝ ግራንዴስ፣ ስንቱ የሰፈር ቄስ፣ ስንቱ በጎረቤት ቂም የታሰረ እንደነበር በዚያ ሌሊት ያወቀ የለም። ለማወቅም የሞከረ የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

ሦስተኛው፣ «እነሱ ቢሆኑ ለእሱ አይራሩለትም ነበር» የሚል ነው። ትክክል! አልራሩለትም። በማርች 1939 ማድሪድ ስትወድቅ ሜልቾር አልሸሸም። የከተማው ምክር ቤት አባል ነበርና በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ከተማዋን ለአሸናፊዎቹ ያስረከበው እሱ ሆነ። አሰሩት። በጦር ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ ዐቃቤ ሕጉ ሞት ጠየቀበት። ያን ጊዜ ሙኞዝ ግራንዴስ ተነስቶ መሰከረለት፤ ከ2,000 በላይ ሰው የፈረመበት ወረቀትም አቀረበ። ፍርዱ 20 ዓመት ሆነ፤ በ1944 ተለቀቀ። እንግዲህ ሰው አድኖ የተከፈለው ይህ ነው። እሱ ግን ያዳናቸው ውለታ እንዲመልሱለት አልነበረም። ምሕረትን እንደ ዕቁብ የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው «ምን አገኘበት?» ብሎ የሚጠይቀው።

ከሃዲ ነው ላላችሁኝ ደግሞ የመጨረሻው መልስ የኋላ ሕይወቱ ነው። ከእስር ሲወጣ የዳኑት ሰዎች ሚኒስትርና ጄኔራል ሆነው ነበር። «ና፣ ሥራ እንስጥህ» አሉት። አልፈልግም አለ። ኢንሹራንስ እየሸጠ ኖረ። በተከለከለችው ሲኤንቲ ውስጥ በድብቅ መሥራቱን ቀጠለ፤ እንደገናም ታሰረ። በጦርነቱ መካከልም ቢሆን ዝም አላለም፤ በ1937 ኮሚኒስቶቹ በማድሪድ የያዟቸውን ድብቅ እስር ቤቶች በሲኤንቲ ጋዜጣ አጋልጧል። እዚያ የታሰሩት ፋሺስቶች ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ የራሱ የሲኤንቲ ሰዎችም ነበሩባቸው። ስለዚህ ካምፕ አልቀየረም። ወገኑን ትቶ ወደ ጠላት አልሄደም። ወገኑ ውስጥ ቆሞ «ይሄን አናደርግም» አለ። መክዳትና ይህ አንድ የሚመስለው ሰው፣ ወገንተኝነት ማለት አብሮ መግደል ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወዳጄ። «መልአክ ነው» ወዳለው።

ብቻውን አይደለም። እስረኞቹ ራሳቸው «ቀዩ መልአክ» ብለውታል። ስሙ ያምራል። ለፍራንኮ ሰዎችም ተመችቷቸዋል፤ «ከእነዚያ ሰይጣኖች መካከል አንድ መልአክ ነበር» ማለት ሌላውን ሁሉ ሰይጣን አድርጎ ለመቅበር ጥሩ ነው። ለእሱ ወገኖችም ተመችቷቸዋል፤ መልአክ ከሆነ እኛን አይወቅሰንም፤ የሌላ ዓለም ፍጥረት ነዋ! ለእኛም ይመቸናል። መልአክ ይደነቃል እንጂ አርአያ አይሆንም። ገብርኤልን አይቶ «እኔም ነገ እንዲህ ላድርግ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለት ይሳላል እንጂ።

ለዚህ ነው የባሰው ስህተት ይሄ ነው ያልኩት። «ከሃዲ» የሚለው ቢያንስ ከሰውየው ጋር ይሟገታል። «መልአክ» የሚለው ግን አመስግኖ ይገላገለዋል።

ሰውየው ባትላሜራ ነበር። ቁጡ፣ አፈኛ፣ ጉራም የማያጣው የትሪያና ልጅ ነበር። ያደረገውን ያደረገው ከሰማይ ድምፅ ሰምቶ አይደለም። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነው ምክንያቱ፤ እስረኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በሌሊት የበር ብረት ሲንኳኳ ሆድ ምን እንደሚል ያውቃል። የራሱን ስም ሊጠሩ በኮሪደር የሚመጡትን የእግር ኮቴዎች ቆጥሯል። ብዙ ሰው ታስሮ ሲወጣ የሚማረው «ተራዬ ሲደርስ አሳያቸዋለሁ» ማለትን ነው። እሱ ከዚያው ትምህርት ቤት ሌላ ነገር ተምሮ ወጣ። ልዩነቱ ይህ ነው እንጂ ክንፍ አልነበረውም።

ብቻውንም አልነበረም። ደጅ የመታ ዳኛ ነበረ። የሮጠ ጠበቃ ነበረ። መኪናውን አስነስቶ መቃብሩን ድረስ ሄዶ ያየ፣ ፌሊክስ ሽላየር የሚባል የኖርዌይ ቆንስል ነበረ። ትእዛዙን ተቀብሎ በሩን የዘጋ፣ ስሙ የማይታወቅ የወህኒ ዘበኛ ነበረ። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩ የሜልቾር ወረቀት ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። «መልአክ» ስንል እነዚህን ሁሉ ከታሪኩ እናስወጣቸዋለን።

ሜልቾር በፌብሩዋሪ 1972 ማድሪድ ውስጥ ሞተ። ፍራንኮ ገና በሥልጣን ላይ ነበር። ቀብሩ ላይ አንድ ወገን የፍራንኮ ሰዎች፣ አንድ ወገን አናርኪስቶች ቆሙ። የሬሳ ሳጥኑ ላይ የተከለከለው ቀይና ጥቁር ሰንደቅ ዓላማ ተዘረጋ፤ ፖሊስ አልነካውም። አባታችን ሆይ የጸለየም፣ የሲኤንቲን መዝሙር የዘመረም ነበር። በ2016 የማድሪድ ምክር ቤት፣ በምንም የማይስማሙ ፓርቲዎች ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ በስሙ መንገድ ይሰየም አሉ። ደስ ይላል። ግን ሁሉም እጁን ሲያወጣ ትንሽ እጠረጥራለሁ። በዚያ ሌሊት አልካላ በር ላይ እጁን ያወጣለት አልነበረም።

እኔ ስለ መንገዱ ስም አይደለም የምጨነቀው። የምጨነቀው ሬዲዮው «አናርኪስት» ሲል ስለሰማነው ስለ እኛ ነው። ቃሉ ተቀይሮ ይሆናል። ዛሬ ሌላ ስም፣ ነገም ሌላ ስም ይመጣል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ያ ስም በራሳችን ወገን ሬዲዮ ሲነገር፣ ስም ዝርዝር የያዘ ሰው በራሳችን ወገን ወህኒ ቤት በር ላይ ሲቆም፣ ቁልፉ በእጃችን ያለ አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። ያን ቀን «እኔ መልአክ አይደለሁም» ማለት መልስ አይሆንም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይህ በር አይከፈትም ለማለት ክንፍ አያስፈልግም።